ሳይደርቅ የተመዘነ ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ትብለጽን የተለየናት በጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከመሥሪያ ቤቷ ስትወጣ ነበር። እነሆ ፋሲካውም አለፈ። ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሚያዝያ 15 ቀን 1976 ዓ.ም.። የበዓሉ ዶሮ ገና ከሆዱ ያልወረደለት ሠራተኛ ዐይኑን እያሻሸ ሲገባ፣ እሷ ቀድማ ደርሳ ክፍሏ በር ላይ ቆማለች። በሩን ሳትከፍተው ሙቀቱ በሥሩ ወጥቶ እግሯን ነካት።

«ወይኔ ጉዴ» አለች ለራሷ፣ ቀስ ብላ። ሐሙስ ለት ማድረቂያ ምድጃውን ሳታጠፋው ነበር የሄደችው።

ባለፈው ሳምንት ላልነበራችሁ ነገሩን ከሥሩ ላንሳላችሁ፤ ብዙም አያደክም። ትብለጽ ገብረኣብ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ድንጋይ ትመረምራለች። በዚያን ጊዜ ከዝዋይ በታች፣ ከሐይቆቹ ዳር፣ ከመሬት ሆድ እንፋሎት አውጥቶ መብራት ለማመንጨት ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። ከጉድጓዱ እንደ ሻማ ክብ ሆኖ ተቆርጦ የሚወጣው ድንጋይ በእንጨት ሣጥን፣ በጭድ ተሸፍኖ ይመጣላታል። ድንጋዩ በውስጡ ስንት ውሃ እንደሚይዝ ማወቅ የሷ ሥራ ነው። አድርቃ ትመዝነዋለች፣ ውሃ አጠጥታ ትመዝነዋለች፣ ልዩነቱን ጽፋ ትልካለች።

ያንን ድንጋይ ጭድ ላይ አስተኝቶ የሚልክላት መሐንዲስ ዓለምሰገድ እሸቴ ይባላል። ከጭዱ ሥር ደግሞ ደብዳቤ ያስቀምጥላታል። ያስቀምጥላት ነበር ቢባል ይሻላል።

ዓለምሰገድ የአባቷ የአቶ ገብረኣብ የቀድሞ ዘበኛ ልጅ ነው። ያደገው እዚያው ግቢያቸው በር ሥር ባለች አንድ ክፍል ውስጥ፣ እናቷን ወይዘሮ ዘውዲን «እሜቴ» እያለ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በማዕረግ ቢመረቅም አቶ ገብረኣብ ዘንድ ያው የእሸቴ ልጅ ነው። ጥር ላይ ሽማግሌ ሲልክ፣ አቶ ገብረኣብ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው ጠላ አስቀዱላቸውና «አትድከሙ» ብለው ሸኟቸው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ትብለጽ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሰምታቸዋለች።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ደብዳቤው አልቀረም ነበር። የቀረው መጋቢት ላይ ነው። የመጨረሻው አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ «ሚዛንሽን አምናለሁ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ በመጣ ቁጥር ጭዱን እስከ ታች ትፈትሻለች፤ ጣቷን ይወጋታል እንጂ ምንም አታገኝም። ሰልችቶት ነው አለች። ያባቴ መልስ አንገሽግሾት ነው አለች። እኔ ብሆንም ይሰለቸኝ ነበር ብላ ፈረደችለትም። ሐሙስ ለት ግን የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ጉድጓዱ ሊዘጋ መሆኑን፣ ዓለምሰገድም ወደ አሰብ እንደሚዛወር ስትነግራት ቻል ማድረግ አቃታት። ከዚያ ጉድጓድ የተረፈችውን አንዲት ቁራጭ ማድረቂያው ውስጥ እንደከተተቻት፣ ነገር ዓለሙን ረስታ ወጣች።

ይኸውና እስከ ሰኞ። አራት ሌሊት ሙሉ የመንግሥት መብራት ሲነድ ከረመ።

ድንጋዩን በመቆንጠጫ አወጣችው፣ እስኪበርድ ጠበቀችና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ይህቺኑ ቁራጭ የካቲት ላይ መዝናታለች፤ ደርቃ ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ግራም ነበረች። አሁን ሦስት መቶ ሰባ አንድ ሆናለች። ሚዛኑን አስተካክላ እንደገና መዘነቻት። ያው ነው። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

አሥራ ስምንት ግራም ውሃ ደርቋል በተባለው ድንጋይ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

ነገሩ ሸክላ ገንቦ በቤቱ ላለ ሰው ይገባዋል። ገንቦው ውሃ ሲሞላ ውጭው ያልበዋል፤ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፣ በዐይን ግን አይታይም። ይህም ድንጋይ እንደዚያው ነው። ሰፋ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ውሃ ሙቀት ሲነካው ተንኖ ይሄዳል። ከጸጉር ይልቅ በቀጠነው ውስጥ ያለው ግን ግድግዳውን ሙጥኝ ይላል። ሌላው ውሃ በሚፈላበት ሙቀት እሱ አይፈላም፤ ልውጣ ቢልም መንገዱ ጠባብ ነው። ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ደንቡ «ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ይደርቅ» የሚለው። አንድ ሌሊት አላለም።

አንድ ሌሊት ያለው ዕቅዱ ነው። የካቲት ላይ ክፍሎቹ ሁሉ ለሴቶች ቀን ውድድር ገብተው ነበር፤ ማን ብዙ ሠራ ነው ጨዋታው። እነትብለጽ አርባ ድንጋይ ለመጨረስ እያንዳንዱን አንድ ሌሊት እያሳደሩ ሲያወጡ ሰነበቱና አንደኛ ወጡ። የተሸለሙት ቀይ ባንዲራ ከማድረቂያው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በአራት ቀኑ ሙቀት ጫፉ ተጠቅልሏል። ከአርባው አሥራ አንዱ የዓለምሰገድ ጉድጓድ ድንጋዮች ነበሩ። ጉድጓዱ ውሃ የለውም፣ እንፋሎቱ ቶሎ ያልቃል፣ ይዘጋ የተባለው በሷ ቁጥር ነው። በሷ እጅ ጽሕፈት።

መዝጋቱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ በመጪው ሐሙስ ይቀመጣል። ትብለጽ ድንጋዩን መልሳ ማድረቂያው ውስጥ ከተተችው። ስሕተቷ አሳፈራት፤ ዓለምሰገድን ባሰበችው ጊዜ ግን ከእፍረቱ ጸጸቱ ባሰባት።

ማክሰኞ ጠዋት ድንጋዩ ያው ሦስት መቶ ሰባ አንድ ነበር። አሁን በእውነት ደርቋል። ወይዘሮ ፀሐይነሽን ወደ ጥግ ወሰደቻትና ነገረቻት።

ፀሐይነሽ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ጥሩ ልብ ያላት፣ ባንዲራዋን የምትወድ ሴት ናት። ሰምታ ስትጨርስ መጀመሪያ በሩን ዘጋችው።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለእርስዎ ብቻ ነው እትዬ።»

«በቃ ለእኔም አልተናገርሽም። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ጉንፋን ይዞታል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ እሱ አሰብ ቢሄድ ሙቀቱን ይለምደዋል። አንቺ የት ትሄጃለሽ? አባትሽ ማን እንደሆኑ ረሳሽው?»

አልረሳችውም። በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሕተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወይ ድል ነው ወይ አሻጥር። ያጠፋው ሰው ደግሞ ምን ሠራ ከመባሉ በፊት የማን ልጅ ነው ይባላል። የትብለጽ አባት ቦሌ ላይ ሁለት ቪላ የነበራቸው ነጋዴ ናቸው። በስድሳ ሰባት ትልቁ ተወርሶ፣ እሳቸው ሰባት ወር ቀበሌ ታስረው፣ ጸጉራቸው ነጭ ሆኖ ነው የወጡት። እንደገና ቢመጡባቸው የሚተርፋቸው ነገር የለም። ትብለጽ ይህን እያሰበች ቀኑን ሙሉ አንድ ድንጋይ እንኳ አልመዘነችም፤ ፀሐይነሽም አይታ እንዳላየች አለፈቻት።

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ ይዛ ሄደች፣ የቀረውን በእግሯ ወደ ገርጂ ገባች። ገርጂ ያኔ እርሻ ነበር፤ የበልጉ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። ዓለምሰገድ ለነገው ስብሰባ መጥቶ አባቱ ቤት እንዳረፈ ሣጥኑን ከሚያመጣው ሾፌር ሰምታለች። አባባ እሸቴ አጥር እያጠበቁ ነበር። ሲያዩዋት መዶሻውን አስቀመጡ።

«ትብለጽ ልጄ። ቤት ደህና ናቸው? አባትሽ?»

«ደህና ናቸው አባባ። እንኳን አደረስዎ።»

«አብሮ ያድርሰን። አለልሽ፣ ግቢ» አሉና ወደ ጎረቤት ሄዱ። በሩን ግን ወለል አድርገው ትተውት ነው የሄዱት፤ ወግ ያውቃሉ።

ዓለምሰገድ ከስቷል። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል። እጇን ሲጨብጣት ቶሎ አልለቀቃትም፣ እሷም ለመልቀቅ አልቸኮለችም። ሁለት ወር ሙሉ ስታጠናው የከረመችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ዓለምሰገድ፣ ቁጥሩ ስሕተት ነው» አለች።

እጇን ለቀቀና በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየ።

«ሰማኸኝ? ድንጋዮቹ አልደረቁም ነበር። ጉድጓድህ ውሃ አለው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።»

«አውቃለሁ።»

«ምን አልክ?»

«አውቃለሁ ትብለጽ። የጉድጓዱ እንፋሎት መጀመሪያ ቀነሰ፣ ከዚያ መቀነሱን አቆመ። ስልሳ ቀን አንድ ዓይነት ነው የሚተነፍሰው። ድንጋዩ የያዘውን ውሃ ቀስ እያለ እያጠባው ነው። ቁጥርሽን ሳየው በአንድ ሌሊት እንዳወጣችሁት ገባኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጋቢት።»

ትብለጽ ግድግዳውን ተደገፈች። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር ማን መዘነው ይላሉ። ቀጥሎ የማን ልጅ ናት ይላሉ። አባትሽን ከቀበሌ ያወጧቸው ለት በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ መልካቸውን አልረሳሁትም። ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በኔ ምክንያት አይገባም ብዬ ነው።»

«ደብዳቤውስ?»

«ሣጥኑ ቢፈተሽና የኔ ደብዳቤ ቢገኝ፣ ተመካክረው ነው የሠሩት ይባል ነበር።»

«ሚዛንሽን አምናለሁ አልከኝ። አሽሙር መሰለኝ እኮ። ስንት ቀን አለቀስኩበት መሰለህ?»

«አሽሙር አልነበረም» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ማንም ቢያነበው ጉዳት የማያመጣ አንድ ነገር መጻፍ ነበረብኝ። እውነትም አምነዋለሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።»

እሷም በሱ ላይ የድንጋዩን ሥራ ነበር የሠራችበት። ጥቂት ቀን ዝም ሲላት ደርቋል ብላ መዝግባው ነበር። ይህ ሲገባት አቅፋው ብታለቅስ ደስ ባላት። ነገር ግን ቁጣው ቀደማት። ትብለጽ ስትቆጣ አትጮኽም፣ ቃል በቃል ነው የምትናገረው።

«አባቴ እኔን ሳይጠይቅ አትድከሙ አለ። አንተም እኔን ሳትጠይቅ ጉድጓድህን ልትዘጋልኝ ወሰንክ። ሁለታችሁም ለኔ ብላችሁ ነው። እስቲ ማንኛችሁ ናችሁ ትብለጽ ምን ትፈልጊያለሽ ያላችሁኝ?»

ዓለምሰገድ ቀና ብሎ አያት። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ነገ እውነቱን መናገር እፈልጋለሁ።»

«ተይ። ለምኜሻለሁ፣ ተይ። ጉድጓድ ነው፤ ሌላ ይቆፈራል።»

«አንተም ሌላ ትቆፈራለህ?» አለችው። ከዚያ በላይ ከቆመች እንደምትሸነፍ ስላወቀች ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ጭቃውን ስትረግጥ ተናዳለች፣ ፈርታለችም። ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ እንዲህ ተወዳ እንደነበር እያሰበች በውስጧ ደስ ይላታል። በእንዲህ ያለ ቀን ደስ ማለቱ አሳፍሯት አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ቦሌ ሚካኤል ጀርባ ያለው ቤታቸው ስትገባ አባቷ ራት ሳይቀርብ ይጠብቋት ነበር። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ነገው ስብሰባ። ዓለምሰገድ ያላትንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። እናቷ ወይዘሮ ዘውዲ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሰሙ።

አቶ ገብረኣብ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ይህ ልጅ ከመጋቢት ጀምሮ ያውቃል?»

«አዎ አቦይ።»

«ለእኛ ቤት ብሎ ነው ዝም ያለው? እኔ አትድከሙ ካልኩት በኋላ?»

«አዎ።»

አቶ ገብረኣብ ተነሡና ራት ሳይበሉ ወደ መኝታቸው ገቡ። ትብለጽ እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር አደረች። አባቷን ያሳዘነች ለታ እንጀራም እንቅልፍም እንደማይወርድላት እናቷ ስለሚያውቁ፣ ጠጋ ብለው ጀርባዋን ዳሰሷት።

ጠዋት ስትነሣ አባቷ ለቀብርና ለክርስትና ብቻ የሚለብሱትን ግራጫ ኮት ለብሰው ሳሎን ቆመዋል። በሩ አጠገብ ዘንቢል ተቀምጧል። ውስጡ የታጠፈ ጋቢ፣ ከፋሲካ የተረፈ ሕምባሻ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሳሙናና የጥርስ መፋቂያ አለ።

«ይህ ምንድን ነው አቦይ?»

«ሲወስዱሽ ቤትሽ ሄደሽ ጋቢ አምጪ አይሉሽም። እኔን በሸሚዝ ነበር የወሰዱኝ፤ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ እስካሁን አለ።»

ትብለጽ ጎንበስ ብላ ጋቢውን ዳሰሰችው። «አትሂጂ ይሉኛል ብዬ ነበር።»

«ብልሽ ትቀሪያለሽ?»

«አልቀርም።»

«እንግዲያው ጋቢውን ማን ይያዝልሽ ጓለይ፣ የኔ ልጅ?» አሉና ዘንቢሉን አነሡ። አብረው ወጡ። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነጋገሩም፤ ትብለጽ ግን በሕይወቷ ከአባቷ ጋር እንደዚያ ቀን ተቀራርባ የሄደችበትን ቀን አታስታውስም።

ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባው ተጀመረ። አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰባት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ዐይኑን የማያርገበግብ ሻምበል ነው። ዓለምሰገድ ጥግ ላይ ደብተር ይዞ ተቀምጧል፤ ስትገባ ሲያያት ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፣ ተይ ማለቱ ነው። የምርመራ ክፍሉ ሪፖርት ይቅረብ ሲባል ወይዘሮ ፀሐይነሽ ተነሥታ ወረቀቷን አየች፣ ትብለጽንም አየችና «ትብለጽ ታቅርበው» ብላ ቁጭ አለች።

ትብለጽ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከፊቷ የነበረውን ብርጭቆ አነሣችና ውሃውን በቀስታ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ድንጋዩ እየተቀበለ ዋጠው። ጨርቁ ላይ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

«ሪፖርቱ ውሃ አይዝም ያለው ድንጋይ ይህ ነው» አለች። «ሪፖርቱ ስሕተት ነው። ሳይደርቅ ነው የመዘንኩት።»

እሷ ቀጠለች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ቢንቀጠቀጥም እየቆየ ረጋ። ስለ ገንቦው ነገረቻቸው፤ ውሃው በጠባብ ቀዳዳ ሙጥኝ እንደሚል፣ እንደማይቸኩል፣ ስለማይቸኩልም ቶሎ እንደማያልቅ አስረዳቻቸው። ሻምበሉ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«በአንድ ሌሊት አውጪው ያለሽ ማን ነው?»

«ደንቡ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይላል። ያልጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

ይኸው መጣ። ፀሐይነሽ ዐይኗን ጨፈነች። ትብለጽ ግን ከጠዋት ጀምሮ ይህን ጥያቄ የፈራችውን ያህል አልፈራችውም። «የአቶ ገብረኣብ ልጅ ነኝ። ቦሌ ትርፍ ቤት የተወረሰባቸው ነጋዴ። በሩ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው» አለች።

ሻምበሉ ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው ያሉት። ሁለቱም ጋቢ ታቅፈዋል። ሌላኛውስ ማን ናቸው?»

«አባቴ ናቸው» አለ ዓለምሰገድ ከጥጉ። ተነሥቷል። ትብለጽ ዘወር ብላ አየችው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የጉድጓዱ የስልሳ ቀን መለኪያ ይኸው። በእነዚህ ቀናት እንፋሎቱ አልቀነሰም። ቁጥሩ ስሕተት እንደሆነ ከመጋቢት ጀምሮ አውቅ ነበር።»

«አውቀህ ዝም አልክ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

«ለራስህ?»

ዓለምሰገድ ትብለጽን አያት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰርቅ የኖረውን እይታ በሰባት ሰው ፊት አደረገው። «ለራሴ አይደለም» አለ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ገባቸው፤ አንዱ አዛውንት ሳል ብለው ወረቀታቸውን አገላበጡ። በዚህ መሐል ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወጥታ ሄደች። ተመልሳ ስትገባ ጫፉ የተጠቀለለውን ቀይ ባንዲራ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ፣ ድንጋዩ አጠገብ አኖረችው።

«ይህም ይመለስ» አለች። «ይህን ለማግኘት ነው የቸኮልነው። እኔ ነኝ ያቻኮልኳቸው።»

ሻምበሉ ባንዲራውንም ድንጋዩንም ተራ በተራ አያቸው። ደብተሩን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አነበበ። በመጨረሻ የተናገረው አጭር ነበር። ጉድጓዱ እስከ መስከረም አይዘጋም። መሐንዲሱም እዚያው ይቆያል። አሥራ አንዱም ድንጋይ እንደ ደንቡ እንደገና ይደርቃል። ለሦስቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «ደግሞም» አለ ብዕሩን እየከደነ፣ «አባቶቻችሁን ወደ ቤት ውሰዷቸው። ብርድ ነው።» ትብለጽ እጅ ነሥታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ዓለምሰገድ ደረሰባት። ከኮቱ ውስጥ በድንጋይ ከረጢት ማሰሪያ ሲባጎ የታሰረ ጥቅል አወጣ።

«ምንድን ነው?»

«መላክ ነው እንጂ ያቆምኩት፣ መጻፍ አላቆምኩም። በየሳምንቱ አንድ፤ ሰባት ናቸው።»

ተቀበለችው። ቀላል ነበር፤ እሷ ግን በሁለት እጇ ያዘችው። «ሁሉም አንድ መስመር ከሆኑ አላነባቸውም» አለችው።

«አይደሉም» አለና ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀላት። የሳቁን ድምፅ ስትሰማ ምን ያህል ናፍቋት እንደነበር አወቀች።

አብረው ወደ በሩ ሄዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንጋይ አጥሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጆቹን አላዩዋቸውም። የትብለጽ ጋቢ ተዘርግቶ የሁለቱንም ጉልበት ሸፍኗል። ሕምባሻው ተፈቷል፤ አቶ ገብረኣብ እየቆረሱ ለእሸቴ ያቀብላሉ።

«እሸቴ፣ ያኔ ሰባት ወር ሙሉ ስንቅ አመላለስክልኝ» ይላሉ። «አንድ ቀን አመሰግነዋለሁ እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።»

«ይተዉት ጌታዬ፣ ያለፈ ነገር ነው።»

«ጌታዬ አትበለኝ። አንድ ጋቢ ተጋርተን ተቀምጠን።» አቶ ገብረኣብ አንድ ቁራሽ ቆርሰው በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ። «እነዚያ የላክሃቸው ሽማግሌዎች ቤታችንን ረሱት?»

አባባ እሸቴ ማኘካቸውን አቆሙ። «ኧረ አይረሱትም። አትድከሙ ስላሏቸው ነው እንጂ።»

«ተሳስቼ ነው» አሉ አቶ ገብረኣብ። «ይድከሙ በላቸው።»

ትብለጽ ከበሩ ውስጥ እንደ ቆመች ቀረች። በስብሰባው ላይ ያልወረደው እንባ፣ ትናንት በቁጣ የታፈነው፣ ሁለት ወር ሙሉ ጭድ ስትፈትሽ የዋጠችው፣ አሁን አንድ በአንድ ይወርድ ጀመር። ዓለምሰገድ ደንግጦ ጎንበስ ብሎ አያት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለችው፤ ደብዳቤዎቹን ደረቷ ላይ እንደያዘች ፈገግ ብላ። «ተወው ይውረድ። ገና ብዙ አለ።»